ባት ውስጥ የረጋ ደም፦ ከስዊድን እስከ ደብረ ሲና

አንድ እግር ብቻ በድንገት ሲያብጥ፣ ባቱ ሲከብድና ሲያም፣ ደብረ ሲና ላይ «ብርድ መትቶት ነው» ይባል ይሆናል። ግን በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶም ይሆናል። የረጋው ደም ተላቆ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ እግር ሐኪም ሳያየው በቅቤም በቅባትም አይታሽ።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙኝ። ይህን ደም በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል፤ ይውጣ አይውጣ የሚለው ግን ለብዙ ጊዜ እንደየአገሩ ነበር። አሜሪካዊው ቶማስ ፎጋርቲ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለበትን ቀጭን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1963 አስተዋወቀ። ብሽሽት ላይ ይከፈታል፤ ቱቦው የረጋውን ደም አልፎ ይገባል፤ ፊኛው ተነፍቶ ወደ ኋላ ሲሳብ ደሙን እየጠረገ ይወጣል። በ1968 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላም እግራቸው እንደሚያብጥ አሳየ፤ የዚያ አገር ሐኪሞችም አብዛኞቹ ተዉት። ስዊድንና ጀርመን ቀጠሉበት! አሜሪካኖቹ በኋላ ወደ ልብ በሚወስደው ትልቁ ደም መልስ ውስጥ የተላቀቀው ደም ሳንባ እንዳይደርስ የሚይዝ የብረት ማጣሪያ ማስገባቱን ከአውሮፓውያን በብዙ እጥፍ አዘወተሩ።

ዛሬ ለአብዛኛው ታማሚ የሁሉም አገር መነሻ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው፤ ቢላዋው እግሩ ራሱ ሊሞት ለተቃረበ ሰው ይቀመጣል። አብዛኛው ታማሚ ያለ ቢላዋ በመድኃኒት መታከሙ ለደብረ ሲና ትልቅ ተስፋ ነው ባይ ነኝ። ዋናው ሥራ ቶሎ መጠርጠርና በአልትራሳውንድ ማረጋገጥ ነው፤ ለዚህም ጣርማ በርን በዋሻው አልፎ ደብረ ብርሃን ድረስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መውጣት ቢያስፈልግ ለነገ አይባልም። በተለይ አራሶች! ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ደም በቀላሉ የሚረጋባቸው ናቸውና፣ አራሷ አቅሟ እንደፈቀደ ተነስታ ትንቀሳቀስ።

መድኃኒቱ ዋርፋሪን ከሆነ ደም በየጊዜው ይለካል፤ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ደሙ መልሶ ይረጋል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ደግሞ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ ከማዕድ አይጠፋም፤ ፋሲካ ሲደርስ በሥጋ ይተካል። ጎመን ክልክል አይደለም፤ መጠኑ ብቻ ከሳምንት ሳምንት አይዘበራረቅ፣ ጾም ሲያዝና ሲፈታም ለሐኪሙ ይነገረው።