በሳን ኦኖፍሬ ያልተጠየቀው ፈቃድ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2012 ከሰዓት በኋላ በደቡብ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሳን ኦኖፍሬ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የጨረራ መቆጣጠሪያው ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በ3ኛው ሪአክተር የእንፋሎት ማምረቻ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። ኦፕሬተሮቹ ሪአክተሩን በዚያው ቀን አጠፉት። ያመለጠው ጨረራ እጅግ ጥቂት ስለነበር በሕዝብ ላይ ጉዳት አልደረሰም። ነገር ግን ያ ማምረቻ አዲስ ነበር፤ ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳንዲዬጎ በኢንተርስቴት 5 የሚጓዝ ሁሉ፣ በሁለቱ ከተሞች የሚኖረው በርካታ ወገናችንም ጭምር፣ የጣቢያውን ሁለት ጉልላቶች ከውቅያኖሱ ዳር ለዓመታት ሲያይ ኖሯል። በ80 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። እዚያ የሚቀየር ትልቅ መሣሪያ የዋና ባለቤቱ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም ነበር። ለውጡ የመንግሥትን ቅድመ ፈቃድ ይሻል ወይስ አይሻም የሚለውን በመጀመሪያ የወሰነው ግን ኤዲሰን ራሱ ነበር። ለዓመታት የዘለቀው ክርክርም ከዚህ ይነሳል።

የእንፋሎት ማምረቻው ሥራ እንዲህ ነው። ከሪአክተሩ የሚመጣው ጨረራ ያለበትና በከፍተኛ ግፊት የተያዘ የጋለ ውሃ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል። ከቱቦዎቹ ውጭ ያለው ንጹሕ ውሃ ከእሱ ሙቀት ወስዶ እንፋሎት ይሆንና ተርባይኑን ያዞራል። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የቱቦ ግድግዳ ብቻ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያገለገሉት ማምረቻዎች ስላረጁ ኤዲሰን አራት አዳዲስ ከጃፓኑ ሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ አዘዘ። እያንዳንዳቸው ከ600 ቶን በላይ ስለሚመዝኑ የሪአክተሩን ሕንጻ የኮንክሪት ግድግዳ ቀዶ ማስገባት የግድ ሆነ። ሥራው በ2011 መጀመሪያ ተጠናቀቀ።

የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን አንቀጽ 50.59 የሚባል ደንብ አለው። በዚህ ደንብ መሠረት የማመንጫ ባለቤት ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ በስምንት መስፈርቶች ራሱ ይመዝናል። ለውጡ የአደጋን ዕድል እጅግ ከጥቂት በላይ የማይጨምር፣ አዲስ ዓይነት አደጋ የማይፈጥር፣ በደኅንነት ሰነዱ የሠፈረውን የስሌት ዘዴ የማይነካ ከሆነና ሌሎቹንም መስፈርቶች ካለፈ ኮሚሽኑን ሳይጠብቅ ይቀጥላል። አንዱን እንኳ ካላለፈ የፈቃድ ማሻሻያ መጠየቅ አለበት፤ ያን ጊዜ ሕዝብም በችሎት ቀርቦ የመከራከር ዕድል ያገኛል። ደንቡ ያስፈልጋል፤ በየዓመቱ የሚቀየረው ፓምፕና ቫልቭ ሁሉ ዋሽንግተን ደርሶ ይመለስ ቢባል ሥራ ይቆማል። ችግር የሚመጣው ለፓምፕና ለቫልቭ በተከፈተው በር 600 ቶን የሚመዝን መሣሪያ ሲገባ ነው። ኢትዮጵያና ሩሲያ በ2025 ሴፕቴምበር ለኑክሌር ማመንጫ ግንባታ የድርጊት መርሐ ግብር ስለተፈራረሙ፣ እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለማን እንደምንተው ከወዲሁ መነጋገር ይኖርብናል።

ኤዲሰን አዲሶቹን ማምረቻዎች ከአሮጌዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ አቀረበ። ከውጭ ሲታይ እውነት ነበረው፤ በአሮጌው ቦታ ይገጥማሉ፣ ያንኑ ያህል ሙቀት ያስተላልፋሉ። ውስጣቸው ግን ሌላ ነበር። መሰነጣጠቅን እንዲቋቋሙ ቱቦዎቹ ኢንኮኔል 600 ከተባለው የኒኬል ቅይጥ ይልቅ ከኢንኮኔል 690 ተሠሩ። አዲሱ ቅይጥ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ አነስ ስለሚል ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ተጨማሪ ቱቦ አስፈለገ። ለዚያ ቦታ ለማግኘት መሃል ላይ የቆመው ደጋፊ ሲሊንደር ወጣ፤ በእያንዳንዱ ማምረቻ የነበሩት 9,350 ቱቦዎችም 9,727 ሆኑ። ከውጭ አንድ ዓይነት አድርጎ ለማቆየት የተደረገው ጥረት ራሱ ውስጡን ለወጠው።

ይህን ቀድሞ ያየ ሰው አልጠፋም። በ2004 አንድ የኤዲሰን ከፍተኛ ኃላፊ ለሚትሱቢሺ በጻፉት ደብዳቤ አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ ጋር በብዙ ነገር ቢመሳሰሉም አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ገልጸው፣ ሳይታወቅ የንድፍ ስሕተት እንዳይገባ ሥጋታቸውን አስፍረዋል። ደብዳቤውን በ2013 ይፋ ያደረጉት ሴናተር ባርባራ ቦክሰር ናቸው። ከደብዳቤው ይበልጥ ያሳዘነኝ በዚያው ዓመት የወጣው የሚትሱቢሺ የራሱ የምርመራ ሰነድ ነው። በንድፉ ወቅት በቱቦዎቹ ላይኛ ክፍል ከውሃው አንጻር እንፋሎቱ በጣም እንደሚበዛ ታውቆ ማስተካከያዎች ታስበው ነበር። ከተተዉባቸው ምክንያቶች መካከል ማስተካከያዎቹ ለውጡን በ50.59 ማሳለፍን ሊያከብዱ ይችላሉ የሚል ይገኝበታል። ኤዲሰን ጉድለቱን አስቀድሞ አላውቅም ነበር ብሏል፤ ሚትሱቢሺም እንዲህ ያለ ንዝረት በዚህ ዓይነት ማምረቻ አጋጥሞ እንደማያውቅ አስረድቷል። ሁለቱንም ልመን። እንዲያም ሆኖ ደኅንነትን ሊጠብቅ የተጻፈ ደንብ፣ ደኅንነትን የሚያሻሽል ሐሳብ ለመተው ምክንያት ሆኖ መጠቀሱ ይቅር የሚባል ነገር አይደለም።

ምርመራው ሲካሄድ ፈጣኑና ደረቁ እንፋሎት ቱቦዎቹን እያንቀጠቀጠ እርስ በርስ እንዳፋተጋቸው ታወቀ። የሚትሱቢሺ የኮምፒውተር ስሌት የእንፋሎቱን ፍጥነት አሳንሶ ገምቶ ነበር። በአራቱ ማምረቻዎች ከ3,000 በሚበልጡ ቱቦዎች ላይ ከ15,000 በላይ የመበላት ምልክቶች ተገኙ። በ3ኛው ሪአክተር 129 ቱቦዎች በከፍተኛ ግፊት ሲፈተኑ 8ቱ መቋቋም አቃታቸው።

በ2012 ኦክቶበር ኤዲሰን ብዙም ያልተጎዳውን 2ኛውን ሪአክተር በ70 በመቶ ኃይል ለአምስት ወር ላንቀሳቅስ ሲል ጠየቀ። ፍሬንድስ ኦቭ ዘ ኧርዝ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ይህ በስም ባይጠራም የፈቃድ ማሻሻያ ነው ብሎ ተሟገተ። የኮሚሽኑ የፈቃድ ጉዳዮች ዳኞች በ2013 ሜይ 13 ተስማሙበት፤ ሕዝብ የሚከራከርበት ችሎት ሊኖር ይገባል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ችሎት ቀድሞ ተካሂዶ ቢሆን ኖሮ ጥያቄዎቹ በወረቀት ላይ፣ ገና ብረቱ ሳይቆረጥ ይነሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን መሣሪያው ተበልቶ ነበር። ጁን 7 ኤዲሰን ሁለቱንም ሪአክተሮች ለዘለቄታው መዝጋቱን አስታወቀ። 1.4 ሚሊዮን ቤቶችን ያበራ የነበረው ጣቢያ ቆመ፤ ከ1,500ዎቹ ሠራተኞቹም አብዛኞቹ ተቀነሱ።

ኮሚሽኑም ከወቀሳ አላመለጠም። የራሱ የውስጥ መርማሪ ቢሮ በ2014 ባወጣው ሪፖርት ኢንስፔክተሮቹ የኤዲሰንን የ50.59 ግምገማ በ2009 ሲያዩ ድክመቱን ለመለየት የሚያስችል ዕድል እንዳመለጣቸው ገልጿል። ኤዲሰንና አጋሮቹ ከሚትሱቢሺ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጠይቀው ነበር፤ ዓለም አቀፉ የግልግል ጉባኤ በ2017 በውሉ የኃላፊነት ጣሪያ ተወስኖ 125 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ፈረደላቸው። በ2014 በተደረሰው የወጪ ክፍፍል ስምምነት ትልቁ ድርሻ የመብራት ሒሳብ በሚከፍለው ደንበኛ ላይ ወድቆ ነበር። ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በ2018 ተሻሽሎ ሸክሙ በከፊል ተቀነሰለት።