ጎተራውን ማን ይመርምር?

ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። በቦሳ ኪቶም ሆነ በአካባቢው ገጠር በቆሎ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይሻግታል። «ታጥቦ ከተፈጨ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ በዓይን አይታይም። ታጥቦም ተቀቅሎም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጉበትን ይጎዳል። በ1952 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሻገተ የኦቾሎኒ መኖ የበሉ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች አለቁ፤ ከ100,000 በላይ ነበሩ። መርዙ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የጤና ተቆጣጣሪ የነጋዴውን መጋዘን ሲያይ ይጠይቃል። ጣራው ያፈሳል? ጆንያው መሬት ነክቷል? አይጥ ይገባል? የገበሬው ጎተራ ተቆጣጣሪ ግን ባለቤቱ ራሱ ነው።

እንዴት ይመርምር? ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ። በቆሎና በምጣድ የደረቀ ጥቂት ጨው ጨምሩበት። ክደኑና ነቅንቁት፤ 15 ደቂቃ ተዉት። ጨው በጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ መልሳችሁ አስጡት። ካልተጣበቀ ጎተራ ይግባ።

የሻገተውን ለይታችሁ ቅበሩት። ለከብትም አትስጡ። ላሟ ከበላችው መርዙ በወተቷ በኩል ተመልሶ ሕፃኑ ዘንድ ይደርሳል።