የአየር ማጣሪያ ቢለወጥ ሞተር ይበረታልን?

ልዩ ማጣሪያ የተገጠመለት መኪና ጉልበቱ ይጨምራል ሲባል እንሰማለን። ነገሩን እንመርምረው።

ሞተር 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። ነገር ግን የፋብሪካው ማጣሪያ ንጹሕ እስከ ሆነ ድረስ ለተራ መኪና የሚበቃውን አየር ያሳልፋል፤ በአዲሱ ጎልቶ የሚለወጠው ድምፁ ነው። ጆሮም ድምፅን ከጉልበት ይቆጥረዋል።

በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ዘመናዊ የቤንዚን መኪናዎችን ሲፈትን፣ ማጣሪያው ቢደፈን እንኳ የነዳጁ ፍጆታ እምብዛም አልተለወጠም፤ ተነሥቶ ለመፍጠን ግን መኪናው ዘገየ።

ይልቁንም ወንፊቱ የሰፋ ማጣሪያ አቧራ ያሳልፋል፤ አቧራውም ሲሊንደሩን ይፍቃል። እንግዲህ ወጣቱ ባለ ደመወዝ ገንዘቡን ለድምፅ ከሚያወጣ፣ በተለይ በአቧራማ መንገድ የሚነዳ ከሆነ፣ ማጣሪያውን እየተመለከተ በጊዜው ቢለውጥ ይበጀዋል እንላለን።