የመዳብ ካርታ ውበትና የአባያ ስም

ከዲላ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወርዱ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ አባያ ሐይቅን ያገኛሉ። ጊዲቾ ደሴት እዚያ ናት።

የጥንቱ አውሮፓዊ ካርታ ሠሪ ይህን አገር ሳያየው ነው የሣለው። ኦርቴልየስ በ1573 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ካርታ የ«ፕሬስተር ጆን»ን ግዛት ከምድር ወገብ አሳልፎ ወደ ደቡብ ይለጥጠዋል። ታዲያ ማማሩ! ቀራጩ መዳቡ ላይ ፊደሉን ገልብጦ ይጽፋል፤ የደሴቱን ዳርቻ በጥቃቅን ጭረት ያጠላዋል፤ ቀለሙ በጭረቱ ውስጥ ገብቶ በማተሚያ ኃይል እርጥብ ወረቀት ላይ ያርፋል። ስህተት ለማረም ሰሌዳውን ከጀርባው ቀጥቅጦ እንደገና መቅረጽ ግድ ነው። ስለዚህ ስህተቱም ከነውበቱ ለዓመታት ይታተማል።

ሂዮብ ሉዶልፍ በ1683 ያወጣው የኢትዮጵያ ካርታ ከዚህ እጅግ ይሻላል። ሉዶልፍ ከኢየሱሳውያኑ ጽሑፍ ሌላ፣ አገሬውን አባ ጎርጎርዮስን ጠይቋልና። ሕግ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን ከጭረቱ ይልቅ ምስክሩ ይማርከኛል።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ግን ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያ ዘንድ ደርሶ፣ ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» አለው። ስሙም በካርታዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ሐይቁን የሚቀዝፉት ጊዲቾዎች ስም አጥተውለት አልነበረም።