ከጓሮ የተገኙት ዝንቦች

ነገሩ የተጀመረው በውርርድ ነው። በሎስ አንጀለስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የነፍሳት ተመራማሪ የሆኑት ብራያን ብራውን፣ ሳይንስ የማያውቀው ዝርያ ለማግኘት የግድ ጫካ መግባት እንደማያስፈልግ፣ ሕዝብ በሚርመሰመስበት በዚያ ከተማም እንደማይታጣ ይናገሩ ነበር። ከሙዚየሙ ቦርድ አባላት አንዷ አላመኑም። እንግዲያውስ ከእኔ ጓሮ ያግኙልኝ አሏቸው።

ብራውን ጓሮው ውስጥ ወጥመድ ተከሉ። ስዊድናዊው ረኔ ማሌዝ የፈለሰፈው ይህ ወጥመድ ከስስ መረብ የተሰፋ ድንኳን ነው። በርራ የመጣች ዝንብ ከመሃለኛው መረብ ጋር ስትጋጭ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ትወጣለች። ጣሪያው እየጠበበ ወደ አንድ ጥግ ይመራታል፤ እዚያ አልኮል ያለበት ጠርሙስ አለ። ማባበያ አያሻው፣ ጠባቂ አያሻው፤ ሌት ተቀን ይሠራል።

ጠርሙሱ ወደ ሙዚየሙ ተወሰደ። ብራውን በማይክሮስኮፕ ያዩት የመጀመሪያው ዝንብ ስም ያልወጣለት ዝርያ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ጓሮ ይህን ከሰጠ ሌላውስ? ባዮስካን የተባለው ጥናት ከዚህ ተወለደ። ቤተሰቦች ጓሯቸውን ፈቀዱ፤ ወጥመዶች በ30 ቦታዎች ተተከሉ። ከባዱ ሥራ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የሦስት ወር ናሙና ብቻ ከ10,000 በላይ የፎሪዴ ቤተሰብ ዝንቦችን ሰጠ። ጀርባቸው የጎበጠ፣ እየቆሙ እየሮጡ የሚሄዱ፣ አብዛኞቹ ከሦስት ሚሊሜትር የማይበልጡ ናቸው።

እነዚህን የመለየቱ ሸክም ያረፈው ከጥናቱ ተመራማሪዎች አንዷ በሆነችው በኤሚሊ ሃርቶፕ ላይ ነው። ብዙዎቹ ሜጋሴሊያ ከተባለው ወገን ናቸው፤ ይህ ወገን ደግሞ ከ1,500 በላይ የታወቁ ዝርያዎች ስላሉት ብዙ ተመራማሪ ይሸሸዋል። በዓይን ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ወንዱ ዝንብ ተበጣጥሶ በመስታወት ላይ ሲዘረጋ ነው፦ በደረቱ ጎን ፀጉር አለ ወይስ የለም? የክንፉ ጅማት ምን ያህል ይረዝማል? ከሁሉ በላይ ደግሞ የመራቢያ አካሉ ቅርጽና በላዩ ያሉት ፀጉሮች ይመረመራሉ። ከዚያም፣ ቀደም ሲል ከተጻፈው ሁሉ ጋር ማመሳከር ይከተላል። ለዚህም ዕድሜያቸውን በእነዚህ ዝንቦች ላይ ያሳለፉት የካምብሪጁ ሄንሪ ዲዝኒ አብረው ሠሩ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ጀግና ይህ ትዕግሥት ነው፤ ወጥመድ መትከልማ ማንም ይችላል።

ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ዙታክሳ በተባለው መጽሔት ወጣ፦ 30 አዲስ ዝርያዎች። ከእነሱ ጋር ሌላ ቦታ የታወቀ፣ በሰሜን አሜሪካ ግን ተመዝግቦ የማያውቅ አንድ ዝርያም ነበር። ብዙ አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ዘልሎት ያልፋል፤ እኔ ግን ከአዲሶቹ አላሳንሰውም። አንድ ዝንብ ከሩቅ አገር በሰው ዕቃ መጣ ወይስ ድሮም እዚያው ነበር ብሎ ለመጠየቅ፣ የት መቼ እንደታየ የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል። ከወገኑ አንዳንዱ እንጉዳይ ይበላል፣ አንዳንዱ የበሰበሰ ነገር፣ አንዳንዱ በሌላ ነፍሳት ገላ ውስጥ ያድጋል፤ ስለዚህ አንዱ መጣ ማለት በሌላው ኑሮ ላይ መጣ ማለት ሊሆን ይችላል።

አዲሶቹ ዝርያዎች የተሰየሙት ወጥመዱ በጓሯቸው በተተከለላቸው ሰዎች ስም ነው። የቤቱ ባለቤት ምናልባት ሺህ ጊዜ በእጁ እሽ ያለው ዝንብ አሁን ስሙን ይዞ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ይኖራል።

በ2016 እ.ኤ.አ. እነዚሁ ሦስት ሰዎች፣ ሃርቶፕ፣ ብራውንና ዲዝኒ፣ ከዚያው ጥናት ሌሎች 12 ዝርያዎች ገለጹ። ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ የዝንብ ወገን ብቻ 42 አዲስ ዝርያ ተገኘ ማለት ነው።