ያልተፈተነ ልጅ ዜሮ አላገኘም

ባለፈው ሰኔ የእህቴ ልጅ ካርዷን ይዛ፣ ከአምቦ ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ እኔ ዘንድ መጣች። በሒሳብ ሁለት ፈተና ተፈትና 80 እና 70 አግኝታለች። ሦስተኛው ሲሰጥ ታይፎይድ ይዟት ተኝታ ነበር። በዚያ ፈተና ትይዩ በቀይ እስክርቢቶ 0 ተጽፎባታል፤ አማካይ ውጤቷም 50 ሆኗል። የተፈተነችው ብቻ ቢያዝላት ኖሮ 75 ነበር። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ መምህሩ በትሕትና፣ «ያው ነው ጋሼ፤ ዜሮም ምንም ነው፣ አለመፈተንም ምንም ነው» አለኝ።

ያው አይደለም! «ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው» የሚባለው ነገር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮን ስላደገ ቆም ብሎ የሚመረምረው ጠፋ። ልጆቻችንም «5 በስንት ሲባዛ 0 ይሆናል?» ሲባሉ «መልስ የለውም» ብለው ይጽፋሉ። መልስ አለው፤ መልሱ 0 ነው። መልስ ማጣትና መልሱ ዜሮ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያልነገርነው ልጅ አልጀብራ ላይ ሲደርስ ቢደናገር ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አባባሉ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ሰው መቁጠር የሚጀምረው ካለው ነገር ነው፤ ገበያ ወጥቶ ዜሮ በግ ነድቶ የተመለሰ የለም። ቋንቋችንም ያሳስታል፤ ለጎተራውም፣ ለኪሱም፣ ለፈተና ውጤቱም «ባዶ» እንላለን። ነገር ግን ልዩነቱን ኳስ ሜዳ ላይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባዶ ለባዶ የተለያዩ ሁለት ቡድኖች አንድ አንድ ነጥብ ይካፈላሉ። ዝናብ ያስቀረው ጨዋታ ግን ውጤት የለውም፤ ሌላ ቀን ይያዝለታል። ሁለቱ አንድ ናቸው የሚል ደጋፊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አምቦ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ስትመዝን ልብ ብላችሁ እዩ። ቅቤውን ከመጫኗ በፊት እጇን ከሳህኑ ላይ አንሥታ መርፌው እስኪረጋ ትጠብቃለች። 0 ላይ ካልቆመ ብሎኗን ዞር ዞር አድርጋ ትመልሰዋለች። ባዶ ሳህን ይዞ 200 ግራም የሚያነብ ሚዛን ከእያንዳንዱ ገዢ 200 ግራም ይወስዳል። ዜሮ ምንም ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት የምታስተካክለው ነገር አይኖራትም ነበር። ዜሮ ልክ ነው፤ በቁጥር መስመር ላይ የራሱ ቦታ ያለው ቁጥር ነው።

«የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ አባቶቻችን ዜሮን አያውቁም ነበር» የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ፲ም ፻ም የራሳቸው ምልክት ስላላቸው ባዶ ቦታ የሚይዝ ምልክት አላስፈለገም። በዓላት በሚሰሉበት በባሕረ ሐሳብ ግን «አልቦ» የሚባል አለ፤ በግዕዝ «የለም» ማለት ነው። ዓመቱ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና ለ4 ይካፈላል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው። ምንም ባይተርፍስ? ዮሐንስ ነው። 2016 እንዲህ ነበር፤ 7516 ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ምንም አልተረፈም ተብሎ ዓመቱ ስም አልባ አልሆነም። በ2006 ደግሞ ፋሲካ የሚሰላባቸው ቁጥሮች፣ ወንበሩም አበቅቴውም፣ አልቦ ነበሩ። ሊቃውንቱ እዚያ ላይ አልቆሙም፤ ከአበቅቴው የሚወጣውን ቁጥር፣ መጥቅዑን፣ 30 ብለው ቀጠሉ፣ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። አልቦን እንደ ሌላው ቁጥር ይደምሩትና ይቀንሱት ነበር ለማለት አልደፍርም። የስሌት መልስ አድርገው እንደተቀበሉት ግን ግልጽ ነው።

«ዜሮን ለዓለም የሰጠነው እኛ ነን» ለሚሉት ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ለዜሮ የመደመር፣ የመቀነስና የማባዛት ሕግ ጽፎ የተወልን እ.ኤ.አ. በ628 የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ ነው። እሱም ቢሆን 0 ለ0 ሲካፈል 0 ነው ብሎ ተሳስቷል።

«6 ለ0 ሲካፈል 0 ነው» የሚሉ ተማሪዎችም ብዙ ናቸው። በ0 ተባዝቶ 6 የሚሆን ቁጥር ካለ አምጡት። የለም፤ እዚህ ጋ ነው «መልስ የለውም» የሚባለው። «0 ተጋማሽም ጎዶሎም አይደለም» ይባላል፤ ለ2 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ተጋማሽ ነው። 0 ዲግሪ ሴልሺየስም ሙቀት አለቀ ማለት አይደለም፤ ውሃ የሚረጋበት ልክ ነው፣ ከዚያ በታች እስከ 273 ዲግሪ ገደማ ይወረዳል።

መምህራን፣ እባካችሁ፣ ላልተፈተነ ልጅ ሣጥኑን ክፍት ተዉለት፤ አለዚያም «አልተፈተነም» ብላችሁ ጻፉበት። 0 ተፈትኖ አንድም ላልመለሰ ልጅ ነው።