የወፍጮ ቋትና የኮምፒዩተር ወረፋ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው በቆሎና ዳጉሳ አብቃይ አገር፣ ወደ ወፍጮ ቤት ጎራ ያለ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ያገኛል። ባለእህሉ ከላይ ወደ ቋቱ ያፈሳል፤ ወፍጮው ከሥር እየሳበ ይፈጫል። የሁለቱ ፍጥነት እኩል አይደለም፤ የሚያስማማቸው ቋቱ ነው።

የኮምፒዩተርም አሠራር ከዚህ አይርቅም። ባንድ ጊዜ የሚሠሩ ፕሮግራሞች መረጃ ሲቀባበሉ በመካከላቸው ወረፋ ይዘረጋል። አቀባዩ ከኋላ ያስገባል፣ ተቀባዩ ከፊት ያወጣል፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይወጣል።

ታዲያ ቋቱ ቢሞላስ? ወሰን የሌለው ወረፋ የኮምፒዩተሩን የማስታወሻ ቦታ አጣቦ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ወሰን ይበጅለታል፤ ሲሞላ አቀባዩ ይጠብቃል፣ ባዶ ሲሆን ተቀባዩ ይጠብቃል። የሆላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1965 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጥናት ይህን መጠባበቅ «ሴማፎር» በተባለ ምልክት ሥርዓት አስይዞታል። ስሙ ከባቡር ሐዲድ ምልክት የተወሰደ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ሽሚያ ነው። በወረፋው አንድ የደመወዝ ማዘዣ ብቻ ቀርቶ ሳለ ሁለት ተቀባዮች «አለ» ብለው አይተው ባንድነት ቢያነሡት፣ ደመወዙ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ስለዚህ ማየትና ማንሣት በአንድ ቁልፍ ሥር የሚፈጸም አንድ ሥራ መሆን አለበት።

ሦስተኛው፣ ባዶ ወረፋ «ገና ይመጣል» እና «አልቋል» የሚሉትን ለይቶ አይናገርም። አቀባዩ ሥራውን ሲፈጽም የመጨረሻ ቃል ካልላከ ተቀባዩ ሲጠብቅ ይኖራል። ሦስት ተቀባዮች ካሉና አንዱ ያነሣው ቃል ለሌሎቹ የማይተርፍ ከሆነ፣ ሦስት የመጨረሻ ቃል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው መፋጠጥ ነው። ተቀባዩ «አቀባዩ ሥራውን ጨርሶ ይሂድና ቋቱን አራግፋለሁ» ይላል፤ አቀባዩ ደግሞ «ቦታ ሳይለቀቅልኝ አልጨርስም» ይላል። ማንም ሳያጠፋ፣ የስሕተት ማስታወቂያም ሳይወጣ ሥራው ይቆማል። መድኀኒቱ አስቀድሞ ማራገፍ፣ ከዚያ ማሰናበት ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የምትማር ወጣት ሆይ፣ መዝገብ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የምታስተላልፍ ጸሐፊም ሆይ፣ ወረፋ ስትዘረጋ አራት ነገር ጠይቅ፦ ሲሞላ ማን ይጠብቃል? ሲነሣ ማን ይጠብቀዋል? ሲያልቅ ማን ይናገራል? ከማሰናበት በፊትስ ማን ያራግፋል?